ሩጫን ከቤተሰብ ኃላፊነት ጋር አጣጥሞ ስለማዘውተር

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ እንዲሁም በኅዳር ወር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲቃረብ፣ ማለዳ ቱታውን ለብሶ ወደ አደባባይና ወደ አስፋልት ዳር የሚወጣው ሰው ይበዛል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ከእነዚህ ጀማሪ ሯጮች ብዙዎቹ አይታዩም። ምክንያቱን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ጊዜ የለም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ያልተሟላ ነው። ትዳርና ልጆች ባሉበት ቤት የሯጩ ሰዓት የቤተሰቡም ሰዓት ነው። ስለዚያ ሰዓት በቤት ውስጥ በግልጽ ሳይነጋገሩ የተጀመረ ሩጫ፣ የሯጩ ጉልበትና ፍላጎት ምንም ያህል ቢሆን፣ ረጅም ዕድሜ አይኖረውም።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ልጆች ለሚያሳድጉ፣ አረጋውያን ወላጆችን ለሚጦሩ፣ በሥራና በቤት መካከል ለሚዋከቡ ዜጎች ነው። በቀን ረጅም ሰዓት ተቀምጠው የሚሠሩ የከተማ ነዋሪዎችን በተለይ ይመለከታል። ከማለዳ እስከ ማታ የሚያርስ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ሸክም የሚሸከም የገጠር ነዋሪ የሚያስፈልገው ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ ሩጫ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ምን ያህል ሩጫ ይበቃል?

ብዙዎች ሩጫን የሚተዉት መጀመሪያውኑ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚያቅዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል። ሁለቱን አቀላቅሎ መሥራትም ይቻላል። በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲኖር መመሪያው ያሳስባል።

መካከለኛ የሚባለው ሰውየው እየተንቀሳቀሰ ማውራት የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የማይችልበት ደረጃ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በዚህ ውስጥ ይካተታል። ጠንከር ያለ የሚባለው ደግሞ ትንፋሽ ሳይወስዱ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር የሚያዳግትበት ነው። ለጀማሪ ሶምሶማም ቢሆን በዚህ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በተለይ ከቆላ አካባቢ የመጣ ሰው፣ ፍጥነቱን ቀንሶ መጀመሩ ተገቢ ነው።

75 ደቂቃ ማለት በሳምንት ሦስት ጊዜ 25 ደቂቃ ማለት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ከዚህ ውስጥ ለሩጫ የሚፈለገው ዝቅተኛው መጠን አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። ቀደም ባሉ መመሪያዎች እንቅስቃሴው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቀጠል ነበረበት፤ አሁን ግን ይህ ቅድመ ሁኔታ ተነሥቷል። ስለዚህ አምስት ደቂቃም ይቆጠራል፤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ካልሮጠ ምንም እንዳልሠራ የሚቆጥር ሰው ራሱንም ቤተሰቡንም ያለ ምክንያት ያስጨንቃል።

ሰዓቱ የማን ነው?

በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት የሚኖሩ፣ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ለምሳሌ ይወሰዱ። የቢሮ መግቢያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው፤ የታክሲ ሰልፉም ስለማይታወቅ መላው ቤተሰብ 1 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ይኖርበታል። ባል ሩጫ ጀምሯል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይመለሳል፤ ሰውነቱን ይታጠባል፤ ልብሱን ይለብሳል፤ ቁርስ ይቀርባል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ በቤት ውስጥ ሌላ ሩጫ ነበር። ልጆችን መቀስቀስ፣ ቁርስ መሥራት፣ ምሳ ዕቃ መቋጠር፣ የጠፋች ካልሲ መፈለግ፣ የውኃ ተራ ቀን ከሆነ ደግሞ ጀሪካን መሙላት። ይህ ሁሉ በሚስት ላይ ይወድቃል። ባል በልቡ የያዘው ሒሳብ «25 ደቂቃ ብቻ ነው የሮጥኩት» የሚል ነው። ልብስ መቀየሩ፣ መሄጃና መመለሻው፣ ማፍታታቱና መታጠቡ ሲደመር ግን ከቤቱ የተወሰደው ጊዜ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታውም «ሩጫህን አቁም» በሚል ቃል አይመጣም፤ «ዛሬም ልትወጣ ነው?» በሚል አጭር ጥያቄ ነው የሚጀምረው።

በዚህ ቤት ሩጫው እንዲቀጥል ከተፈለገ፣ የሚከፋፈለው ነገር የሩጫው ሰዓት ብቻ ሳይሆን የማለዳው ሥራም ነው። ባል ሰኞና ሐሙስ ቢሮጥ፣ ሚስት ማክሰኞና ዓርብ ብትሮጥ ወይም በእግር ብትጓዝ፣ ሦስተኛውን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቢወስዱት ለሁለቱም ይበቃል። እርሷ በምትወጣበት ቀን ቁርሱም፣ ምሳ ዕቃውም፣ ካልሲውም የእርሱ ኃላፊነት ይሆናል። «ማገዝ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም፤ የሚያግዝ ሰው ዋናው ባለቤት ሌላ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ወስኗልና። ምሳ ዕቃና ዩኒፎርም ማታውን ከተዘጋጁ ደግሞ የማለዳው ጭንቀት በግማሽ ይቀልላል።

ቀኖቹ በስም ተጠርተው ቢወሰኑ ይመረጣል። «ሲመች እሮጣለሁ» የሚል ስምምነት ልጆች ባሉበት ቤት ስምምነት አይባልም፤ የሚመች ቀን በራሱ አይመጣም፤ ቢመጣም ቀድሞ የሚይዘው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠይቀው ሰው ነው። ሌላም ሳይታለፍ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር አለ፤ በአንዳንድ ቤት የሁለቱም ሩጫ የሚቻለው የቤት ሠራተኛዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለምትነሣ ወይም አያት ሳይጠየቁ ልጆቹን ስለሚረከቡ ነው። የእነርሱም ሰዓት ሰዓት ነው፤ ሊጠየቁ፣ ሊመሰገኑና በተራቸው ሊያርፉ ይገባል።

ለሴቶች ከቤት ውስጥ ሥራ ሌላ ተጨማሪ መሰናክል አለ። በጥር ወር በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ግድም ነው፤ ከዚያ በፊት ብቻን በጨለማ መሮጥ ለደኅንነት አይመከርም። የሰፈር ዓይንም አለ፤ ቱታ ለብሳ የምትሮጥ እናት እስከ ዛሬ መነጋገሪያ የምትሆንበት አካባቢ ጥቂት አይደለም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ወይም በእቁብ የሚተዋወቁ ሦስት አራት ሴቶች ቀን ቆርጠው አብረው ሲወጡ ሁለቱም ችግር ይቀልላል። አንዷ ስትቀር ሌሎቹ በር ስለሚያንኳኩም ልማዱ በቀላሉ አይቋረጥም።

ልጆችን ይዞ መውጣት

ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ይገልጻል። በመሆኑም ቢያንስ አንዱን የሩጫ ቀን ከልጆች ጋር ማድረግ ለሁለቱም ወገን ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለሰው የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» የእሑድ መርሐ ግብር ለዚህ ምቹ ነው። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የእንጦጦ ፓርክና በየሰፈሩ ያሉ ሜዳዎችም እንዲሁ።

ሆኖም ከልጅ ጋር የተወጣበት ቀን የልጁ ቀን ነው። ሕፃናት በአንድ ፍጥነት ረጅም ርቀት አይሮጡም፤ ፈንጥቀው ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ድንጋይ ያነሣሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። የዕለቱን ኪሎ ሜትር ለመሙላት ልጁን እየጎተተ የሚሄድ አባት ሁለቱንም ያጣል፦ ኪሎ ሜትሩም አይሞላም፤ ልጁም ሩጫን ይጠላል።

ከወሊድ በኋላ

አትሌት ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካስገኘች በኋላ፣ በ1998 የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ ወርቅ አስገኝታለች። በ2009 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። እናትነት የሩጫ ማብቂያ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ነገር ግን ምሳሌው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ በወርቁና በወሊዱ መካከል ሁለት ዓመት ገደማ እንዳለ ልብ ይሏል።

ከወሊድ በኋላ የእግር ጉዞን ሰውነት በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ መጀመር ይቻላል። ሩጫን ግን ብዙ ባለሙያዎች ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ እንዲቆይ ይመክራሉ። ሽንትን ለመቆጣጠር የሚያገለግሉትና ማሕፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች እስኪጠነክሩ ድረስ የሩጫው ግጭት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስሏ መዳኑን በጤና ባለሙያ ማረጋገጥ ይኖርባታል። በሩጫ ወቅት ሽንት የሚያመልጣት፣ ከታች የመጎተት ስሜት ወይም ደም የሚታያት ከሆነ ሩጫውን አቁማ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ይህ የሚያሳፍር ሳይሆን ሕክምና ያለው ነገር ነው። የምታጠባ እናት መጠነኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ወተቷ አይቀንስም፤ ከመውጣቷ በፊት ብታጠባ ግን ለራሷም ይመቻታል፤ በቂ ውኃ መጠጣትም አለባት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። 90 ቀን ማለት 13 ሳምንት ገደማ ነው። ይህም ሰውነቷ ለሩጫ ዝግጁ መሆን የሚጀምርበት ጊዜ ወደ ሥራ ከምትመለስበት ሳምንት ጋር ይገጣጠማል ማለት ነው። ሌሊት በሕፃን የሚቋረጥ እንቅልፍ፣ የሥራ ጫናና አዲስ የሩጫ ዕቅድ በአንድ ሳምንት እንዲጀመሩ ማድረግ ብዙ እናቶችን ያለ አግባብ «አልቻልኩም» ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳቸዋል። ሩጫውን አንድ ሁለት ወር አዘግይቶ በእግር ጉዞ መቆየቱ ምንም የሚያሳጣው ነገር የለም። አባቶች በዚሁ አዋጅ የሚያገኙት ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ስለዚህ የአባት ድርሻ የሚለካው ከፈቃዱ በኋላ ባሉት ማለዳዎችና ሌሊቶች ነው።

በቤት ውስጥ ችግር ሲገባ

ልጅ ይታመማል። እናት ሆስፒታል ተኝተው አስታማሚ ይፈልጋሉ። ሥራ ይጠፋል። ቤት ኪራይ ይጨምርና ቤተሰቡ ከሥራ ቦታ ወደ ራቀ ሰፈር ይዛወራል። በእነዚህ ጊዜያት ሩጫ መቋረጡ የሚጠበቅ ነው። የልብና የሳንባ ብቃት ከሁለት ሳምንት ገደማ ዕረፍት በኋላ መቀነስ ይጀምራል፤ ነገር ግን የቀነሰው ሁሉ ተመልሶ ይገኛል። ከአንድ ወር በላይ ያቋረጠ ሰው ካቆመበት ርቀት ለመቀጠል ከመሞከር ይልቅ፣ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ ለ20 ደቂቃ ቢጀምርና በየሳምንቱ የሩጫውን ድርሻ ጥቂት ቢያሳድግ ከጉዳት ይድናል። ራሱ ሯጩ ትኩሳት፣ የደረት ሳል ወይም የሰውነት ቁርጥማት ካለበት እስኪያገግም አይሮጥም፤ ቀላል የአፍንጫ ጉንፋን ብቻ ከሆነ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ አይከለከልም።

ለአስታማሚ የሚከብደው ከጊዜ ማጣቱ በላይ የኅሊና ወቀሳው ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እያለ ለሩጫ መውጣት እንደ ደንታ ቢስነት ይቆጠራል። በእርግጥ ታማሚን ብቻውን ጥሎ መውጣት ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ለወራት የሚያስታምም ሰው ራሱ እንቅልፍ አጥቶ፣ ደም ግፊቱ ጨምሮ፣ ሁለተኛ ታማሚ ሊሆን ይችላል። እኅት ወይም ጎረቤት ተተክታ በምትቀመጥበት ግማሽ ሰዓት በሆስፒታሉ ዙሪያ በፍጥነት መራመድ ማንንም አይበድልም።

ለቅሶ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በሐዘን ሰሞን ቱታ ለብሶ መሮጥ በብዙ አካባቢ እንደ ነውር ይታያል፤ ቤተሰቡንም ያስቀይማል። ሩጫው ለዚያ ጊዜ ቢቀር የሚጎዳው የለም። ለቀስተኛው ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ዘመድ ሁሉ ወደየሥራው ሲሄድ፣ በዚያን ጊዜ ግን ሐዘንተኛውን ከቤት ይዞት የሚወጣ ወዳጅ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ በእግር ጉዞ ይሁን። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ሩጫ የሕክምና ምትክ ስለማይሆን የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

በጾም ወራትም ዕቅዱ ይለወጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ እንዲሁም በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊሞች፣ ሩጫቸውን ቀለል አድርገው ከጾሙ መፍቻ ጥቂት ቀደም ብለው ወይም ከተመገቡ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ቢያደርጉት ይመቻል። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ መሮጥ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ የስኳር ማነስ ሊያስከትልበት ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ሩጫ መሸሸጊያ ሲሆን

ከሩጫ የተመለሰ ሰው ቁጣው በርዶ፣ ሐሳቡ ሰክኖ ይገኛል፤ ከሥራ ይዞት የመጣውን ብስጭት ልጆቹ ላይ ሳይሆን አስፋልቱ ላይ ጥሎት ይገባል። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ጫማውን አጥልቆ የሚወጣ፣ ሲመለስም ስለ ጉዳዩ የማያነሣ ሰው ችግሩን ያራዝማል። እርሱ ቀልሎት ይመለሳል፤ የቀረችው የትዳር ጓደኛ ግን ከልጆቹም፣ ከጭቅጭቁም ጋር ብቻዋን ውላለች። «አሁን ልውጣና ቀዝቅዤ ስመለስ እንነጋገራለን» ብሎ መውጣት፣ በተባለው ሰዓትም ተመልሶ መነጋገር ልዩነት አለው።

ከመጀመር በፊት

በመንገድ ዳር የሚሮጥ ሰው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ እያየ፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ፣ ጆሮውን ሳይደፍን ቢሮጥ ይመረጣል። ማለዳ በየመንገዱ የሚያጋጥሙ ባለቤት አልባ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ንክሻው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውምና።

ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነና ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ያላደረገ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በለጋ ዕድሜው በልብ ሕመም የሞተ ሰው ያለ ማንኛውም ግለሰብ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርቦ መታየት አለበት። ደም ግፊት ከፍ ማለቱን ብዙ ሰው የሚያውቀው ተለክቶ እንጂ ታሞ አይደለም። በሩጫ ላይ እያለ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ወዲያውኑ ያቁም፤ ካልተሻለውም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው።

ለምርመራ የሚቀርቡ ተገልጋዮች የሚወስዱትን መድኃኒት ወይም የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ቀደም ሲል የተደረገ ምርመራ ካለ ውጤቱን፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ደግሞ የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። የደም ግፊት ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ከመለካታቸው በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አለመጠጣት፣ አለማጨስና አለመሮጥ፣ ከዚያም ለአምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ ተቀምጦ ማረፍ ያስፈልጋል።